የስምንተኛ ክፍል ሂሳብና አስቸኳዩ ስብሰባ

ለአንድ ትምህርት ቤት እድገት ምን ያስፈልጋል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ነገሩ ያልገባው ሰው መምህር፣ ጠመኔ፣ የማያፈስ ጣሪያ እያለ ጣቱን ማጠፍ ይጀምራል። ነገሩ የገባው ሰው ግን እነዚህ ሁሉ ጥቃቅን ዝርዝሮች መሆናቸውን ያውቃል። ትምህርት ቤት የሚያድገው በቦርድ ነው። መምህሩ ያስተምራል፤ ቦርዱ ግን መምህሩ ማስተማሩን ይመራል፣ ይከታተላል፣ ይገመግማል፣ አቅጣጫ ያስቀምጣል፣ ያስቀመጠውን አቅጣጫም በየጊዜው አንሥቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጣል።

እንዲህ ካሉት ቦርዶች አንዱን በሊቀመንበርነት የመሩት አንድ ፍራሽ ነጋዴ ነበሩ።

ፍራሽ ነጋዴው ከአራተኛ ክፍል አልፈው አልተማሩም። ይህንንም አይደብቁም። አባታቸው ሲሞቱ ትምህርታቸውን ጥለው ጥጥ ነዳፊ ቤት እንደተቀጠሩ፣ ከጥጥ ወደ ስፖንጅ፣ ከስፖንጅ ወደ ራሳቸው ሱቅ እንደተሸጋገሩ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ያወራሉ። በትምህርት ቤት በር ሲያልፉ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ባርኔጣ ካደረጉ ያወልቃሉ። አንዲት ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል የገባች ጊዜ ደንበኛ ሁሉ ፍራሽ ሊገዛ ገብቶ ስለ ልጅቱ ሰምቶ ነበር የሚወጣው።

ለሊቀመንበርነት የተመረጡትም በልግስናቸው ነው። አንድ ተማሪ ግቢ ውስጥ አሞት አግዳሚ ወንበር ላይ መጋደሙን ሰሙና፣ «ልጅ ታሞ ጣውላ ላይ አይተኛም» ብለው ለሕሙማን ክፍል አንድ ደህና ፍራሽ ሰጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤቱ ራስ ምታት የሚያማቸው ተማሪዎች ቁጥር በሚታይ ሁኔታ ጨመረ፤ ከምሳ በኋላ መምህራንም አልፎ አልፎ ይታመሙ ጀመር። ወላጆች ይህን ውለታ አይተው በሙሉ ጭብጨባ መረጧቸው።

ቦርዱ አምስት አባላት ነበሩት። ከሊቀመንበሩ ቀጥሎ የሚቀመጡት ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ሰው በተናገረ ቁጥር እጃቸውን አንሥተው «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» ስለሚሉ፣ እናታቸው ያወጡላቸው ስም ተረስቶ ጋሽ ሥነ ሥርዓት ተብለው ቀርተዋል። የወላጆች ተወካይ ምላሷ ከመቀሷ እኩል የሚቆርጥ ፀጉር ሠሪ ነበረች። ርዕሰ መምህርቷ በደንቡ መሠረት ጸሐፊ ናት። የመምህራን ተወካይ ደግሞ የስምንተኛ ክፍሉ የሂሳብ መምህር ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እጅጌው ጠመኔ የማይለየው፣ ከተማሪ በቀር ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት የሚያይ ወጣት። እሱ የተወከለው በምርጫው ቀን ክፍል ገብቶ ሲያስተምር ስለነበረ ነው። ሌሎቹ መምህራን ስብሰባው ላይ ስለነበሩ እምቢ የማለት ዕድል አግኝተዋል።

ነገሩ የጀመረው ልጅቱ የሂሳብ ፈተናዋን አጣጥፋ ጫማዋ ውስጥ ስትከት አባቷ ያዩዋት ዕለት ነው።

«እሱን እስቲ ልየው» አሏት።

«ምንም አይደለም አባዬ።»

«ምንም ካልሆነ ጫማ ውስጥ ምን ይሠራል?»

አወጣችው። ውጤቱን አይተው ወረቀቱን ገለበጡት፤ ምናልባት ቀሪው በጀርባው ተጽፎ እንደሆነ ብለው ነው። በጀርባው ምንም አልነበረም።

«ያንቺ ብቻ ነው እንዲህ?»

«የሁላችንም ነው።»

ይህ መልስ እንደ አባት ትንሽ አጽናናቸው፣ እንደ ሊቀመንበር ግን እንቅልፍ ነሣቸው። በማግሥቱ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ።

ቦርዱ የሚሰበሰበው በርዕሰ መምህርቷ ቢሮ፣ ተገጥመው አረንጓዴ ጨርቅ በለበሱ ሁለት የተማሪ ዴስኮች ዙሪያ ነው። ዴስኮቹ ለልጅ ጉልበት የተሠሩ ስለሆኑ አባላቱ ሁሉ ትንሽ ወደ ጎን ዞረው ነው የሚቀመጡት፤ ከሩቅ ላያቸው የተኳረፉ ይመስላሉ። ከመስኮቱ ማዶ፣ ከጠባቡ ሜዳ ባሻገር ስምንተኛ ክፍል ይታያል።

«የተከበራችሁ የቦርድ አባላት» ብለው ጀመሩ ሊቀመንበሩ፣ ቆመው። «ትምህርት እንደ ስፖንጅ ነው። ዋናው ውፍረቱ አይደለም፣ ጥግግቱ ነው። ጥግግት የሌለው ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ተነፋፍቶ ያምራል፤ ቤት ሲገባ ይሰረጉዳል። የስምንተኛ ክፍል ሂሳብ ሰርጉዷል።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የሰረጎደውን ለማቃናት ተከታታይ ስብሰባ እንደሚያስፈልግ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የቀረው ሰዓቱ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሥነ ሥርዓት ይተኛሉ። ወደ ማታ ፀጉር ሠሪዋ ደንበኛ ይበዛባታል። ሊቀመንበሩ ደግሞ ጠዋት ሱቃቸው ጭር ይላል፤ ጠዋት ሰው ከፍራሽ የሚነሣበት እንጂ ፍራሽ የሚገዛበት ሰዓት አይደለም። ስለዚህ ጠዋት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሆነ።

የሂሳብ መምህሩ እጁን እንደ ተማሪ አወጣ። «ይቅርታ፣ በዚያ ሰዓት እኔ ስምንተኛ ክፍል ሂሳብ አለኝ።»

የሊቀመንበሩ ፊት በራ። «እሰየው። እኛም የምንነጋገረው ስለ ስምንተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። ከዚህ በላይ መገጣጠም አለ?»

«እኔ እኮ የምለው፣ ልጆቹ...»

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» አሉ ጋሽ ሥነ ሥርዓት። «ሰዓቱ ከተወሰነ በኋላ ስለ ሰዓቱ አስተያየት አይሰጥም። ልጆቹን በተመለከተ ራሱን የቻለ አጀንዳ ይያዝ።»

ተያዘ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ትጋት በትምህርት ቤቱ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ነው። መጀመሪያ «ዝቅተኛ ውጤት» ሲባል ዝቅ ያለው ከምን ነው የሚለው ብዙ አከራከረ። ቀጥሎ የችግሩን መንሥኤ ለማወቅ መንሥኤውን የሚለይ መስፈርት ተዘጋጀ። አንድ ቀን ሻይ ዘገየ ተብሎ ስለ ሻይ ተወያዩ፤ ሌላ ቀን ሻዩ ቶሎ መጥቶ ውይይቱን አቋረጠ ተብሎ ስለዚያ ተወያዩ። የሂሳብ መምህሩ በዴስኩ ጥግ ተቀምጦ በመስኮቱ ወደ ማዶ ያያል። መምህር የሌለው ክፍል ምን እንደሚመስል የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ሳቅ፣ ቀጥሎ ዴስክ ሲጎተት የሚሰማ ድምፅ።

«እነዚህ ልጆች እያሰቡልን አይደለም» አሉ ሊቀመንበሩ አንድ ቀን፣ ጫጫታው ንግግራቸውን ሲያቋርጣቸው። «እኛ ለእነሱ እዚህ እየደከምን!»

«መስኮቱ ይዘጋ» አሉ ጋሽ ሥነ ሥርዓት።

ተዘጋ። መምህሩ ከዚያ ወዲያ ክፍሉን በመስታወቱ በኩል፣ ያለ ድምፅ ያይ ነበር።

«ለአፍታ ወጥቼ ሥራ ልስጣቸውና ልመለስ?» ብሎ ጠየቀ።

«መውጣት ይቻላል» አሉ ጋሽ ሥነ ሥርዓት። «ነገር ግን አንድ አባል ሲወጣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ የፈቃድ ጥያቄው በአጀንዳ ይያዛል፣ አጀንዳው በተራው ይታያል። ለመሆኑ ተራው መቼ ይደርሳል፣ ጸሐፊዋ?»

ርዕሰ መምህርቷ ማስታወሻዋን እንኳ አላየችም። «ፈተናው ካለፈ በኋላ ይመስለኛል» አለች።

ሁለተኛው የክፍል ፈተና መጣ። ያ የመጀመሪያው ውጤት የሚናፈቅ ሆነ። ሊቀመንበሩ ይህን ሲሰሙ በሳምንት የሚደረገውን የስብሰባ ቁጥር ከፍ አደረጉት፤ ፍራሽ ጠንከር ሲል የሚደላው ጀርባ እንዳለ ሁሉ፣ ጠንከር ያለ ስብሰባ የሚሻው ችግርም አለ ብለው አስረዱ።

በዚያው ሰሞን ከልጃቸው ጋር እራት ላይ ተቀምጠው ሳለ እንዲህ ተባባሉ።

«መምህሩ እንዴት ነው? ሲያስረዳ አይገባሽም?»

«ሲያስረዳማ ይገባኛል። ግን አያስረዳም።»

«ለምን?»

«ክፍል አይገባም አባዬ።»

ፍራሽ ነጋዴው የያዙትን አስቀመጡ። «አይገባም? የት ሄዶ?»

«ስብሰባ።»

«የምን ስብሰባ?»

«አንተ የምትመራው።»

እውነቱን ለመናገር ለዚያች አፍታ አንድ ነገር በልባቸው ሽው ብሎ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ሲያልፍ ልጅቱ አይታዋለች። ግን አልቆየም። ለስንት ቀን የደከሙበትን ነገር ሰው በአንድ ጉርሻ መሃል አይተውም።

«ስብሰባ ምክንያት አይሆንም» አሉ። «እኔም ስብሰባ አለብኝ። ሱቄን ዘግቼ አውቃለሁ?»

«አንተ ሱቅ ውስጥ አጎቴ አለ።»

«ብዪ ብዪ፣ ይበርዳል።»

በማግሥቱ የመጀመሪያው አጀንዳ «የሂሳብ መምህሩ በተደጋጋሚ ከመደበኛ ሥራው መቅረት» የሚል ሆነ። መምህሩ ተከሳሽ ስለሆነ ከዴስኩ ጥግ ተነሥቶ ከፊት ለፊት እንዲቆም ተደረገ።

«ባለፈው ሳምንት ክፍል ገብተዋል ወይስ አልገቡም?» ብለው ጠየቁት ጋሽ ሥነ ሥርዓት፣ የፍርድ ቤት ድምፃቸውን አውጥተው።

«አልገባሁም። እዚህ ነበርኩ።»

«የት እንደነበሩ አልተጠየቁም። አልገቡም። ዛሬስ?»

«ዛሬ... አሁን እኮ እዚህ ቆሜያለሁ።»

«ዛሬም አልገቡም» አሉ ጋሽ ሥነ ሥርዓት ወደ ርዕሰ መምህርቷ ዞረው። «ይያዝልኝ። ጥፋቱን ክሱ በሚሰማበት ሰዓት ጭምር እየደገመው ነው። እንዲህ ዓይነቱ በሕግ ከባድ ነው።»

«ታዲያ ልሂድና ልግባ?»

«ከችሎት ጥሎ መውጣት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።»

ክሱ ቀላል ስላልነበረ በአንድ ቀን አላለቀም። በተቀጠረ ቁጥር አዲስ ቀሪ ይጨመርበታል፤ ቀሪው ሲጨመር ክሱ ይሻሻላል፤ ክሱ ሲሻሻል ሌላ ቀጠሮ ያስፈልጋል። በመጨረሻ ጋሽ ሥነ ሥርዓት ጉዳዩ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተላልፎ መምህሩ ከሥራ እንዲሰናበት ሐሳብ አቀረቡ። መምህሩ መሬት መሬት እያየ ቆሞ ነበር። እናቱንና ሁለት እኅቶቹን የሚያስተዳድር እሱ ነው። ደግሞም ማስተማር ከመውደዱ የተነሣ ከተማሪዎቹ ጋር ሲሆን ቁመቱ ራሱ የሚጨምር ይመስል ነበር፤ እዚህ ቆሞ ግን ከዴስኩ ብዙም ከፍ አይልም።

ርዕሰ መምህርቷ ብዕሯን አስቀመጠች። ለወራት ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ የከረመች ሴት ናት፤ ቦርዱ በምን ቋንቋ እንደሚሰማ ከማንም በላይ ታውቃለች።

«ክቡር ሊቀመንበር» አለች፣ እጅግ አዝና። «ከሥራ ማሰናበት ቀላል ቅጣት ነው። ሰውየው ነገ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ይረሳዋል። የሚሰማው ቅጣት ያስፈልገዋል። እኔ የምለው፣ ከቦርድ አባልነት ይታገድ።»

ፀጉር ሠሪዋ ርዕሰ መምህርቷን አየቻት፤ ርዕሰ መምህርቷም አየቻት።

«ኧረ ይህማ ጭካኔ ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ከንፈሯን መጥጣ። «ጭራሽ ስብሰባ እንዳይገባ? ለመሆኑ ሰው ነን?»

«ጥፋቱ ከባድ ነው» አለች ርዕሰ መምህርቷ።

ፍራሽ ነጋዴው ልባቸው ተሰበረ። መምህሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከሥራ ቢባረር እሺ፤ ሥራ ይገኛል። ነገር ግን ጠዋት ተነሥቶ የሚወያይበት አጀንዳ የሌለው፣ እጁን አንሥቶ «እደግፋለሁ» የማይል፣ በር ላይ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የማይባልለት ሰው ኑሮው ምን ይባላል?

«ልጄ» አሉት፣ እርስዎ ማለቱን ረስተው፣ «ይህን ትችለዋለህ?»

«እሞክራለሁ» አለ መምህሩ።

ውሳኔው በሐዘን ጸደቀ። መምህሩ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። ሊቀመንበሩ መስኮቱን ከፍተው ተከታተሉት። በረንዳው ላይ በዝግታ ተራመደ፤ ደረጃውን ሲጨርስ ግን ፈጠን ፈጠን አለ፤ ሜዳው መሃል ሲደርስ በግልጽ ይሮጥ ነበር።

«እንባውን ሊደብቅ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ፣ መስኮቱን ቀስ ብለው እየዘጉ።

የቅጣቱ ውጤት ሁሉንም አስደነቀ። ከስምንተኛ ክፍል ጫጫታው ጠፋ። ልጅቱ ማታ ማታ ሱቅ ውስጥ፣ ተደራርበው በቆሙት ፍራሾች መሃል ተቀምጣ ሂሳብ ትሠራ ጀመር፤ እርሳሷን ስትነክስ፣ ስትሰርዝ፣ ደግሞ ለብቻዋ ፈገግ ስትል አባቷ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆነው ያዩዋታል። ቀጣዩ ፈተና ሲመጣ ጫማዋ ውስጥ ምንም አልከተተችም። ወረቀቱን በቀጥታ በተዘረጋው እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። ሊቀመንበሩ ውጤቱን አይተው ይህንንም ወረቀት በጀርባው ገለበጡት፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው።

«አየሽ?» አሉ፣ ዓይናቸው እርጥብ ብሎ። «ቅጣት ሰው ያደርጋል።»

በወላጆች ጉባኤ ላይ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ ሊቀመንበሩ ተነሥተው ቦርዱ የስምንተኛ ክፍልን ሂሳብ እንዴት አድርጎ እንዳዳነ በሰፊው ዘረዘሩ። ከዚያም ድምፃቸውን አለሰለሱ።

«ቦርዱ መቅጣት ብቻ ሳይሆን መማርም ያውቃል። መምህራችን ቅጣቱን በትዕግሥት ተቀብሎ፣ ልቡ ቆስሎ ሳለ በሥራው በርትቷል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እገዳው ተነሥቶለት ከነሙሉ ክብሩ ወደ ቦርዱ ይመለሳል። ስብሰባችንም እንደ ቀድሞው ይቀጥላል።»

ወላጆች አጨበጨቡ። ከኋላ ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ተማሪዎች አላጨበጨቡም። መምህሩ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ፊቱ ከእጅጌው እኩል ነጥቶ ነበር።

«ክቡር ሊቀመንበር፣ ምሕረቱ... አይገባኝም።»

«ይገባሃል።»

«ባይሆን ለሌላ ሰው...»

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» አሉ ጋሽ ሥነ ሥርዓት። «ምሕረት አልቀበልም አይባልም። ምሕረት የሚሻረው የተማረው ሰው... ይቅርታ፣ ምሕረት የተደረገለት ሰው አዲስ ጥፋት ሲፈጽም ብቻ ነው።»

መምህሩ በሕይወቱ ማንንም አስቀይሞ አያውቅም፤ ከየት እንደሚጀመር እንኳ አያውቅም ነበር። ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። ተማሪዎቹም ያዩታል። የሚኒስትሪው ፈተና ቅርብ ነው፤ ገና ያልተነካ ምዕራፍ አለ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡር ሊቀመንበር» አለ፣ «ከእርስዎ ሱቅ የገዛሁት ፍራሽ ሰርጉዷል።»

ሊቀመንበሩ ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ምን አልክ?»

«ሰርጉዷል። መሃሉ ላይ።»

«የ... የትኛው?»

«ሰማያዊ አበባ ያለበት። ገና በወሩ ነው የሰረጎደው። ጥግግት የለውም።»

ልጅቱ አፏን በሁለት እጇ ይዛ አንገቷን ደፋች። ፍራሽ ነጋዴው ቀስ ብለው ተቀመጡ። በስድብ ቢመጣባቸው ይመልሱ ነበር፤ በመሃይምነታቸው ቢመጣባቸው ራሳቸው ስለሚያወሩት አይደነግጡም። ይህኛው ግን የገባው ወደ ሱቃቸው ነው።

ጋሽ ሥነ ሥርዓት ግን ወጣትነታቸው ተመለሰ። ሊቀመንበርን በጉባኤ ፊት ማቃለል፣ ምሕረትን ማራከስ፣ ከአጀንዳ ውጭ ስለ ፍራሽ መናገር፤ ሦስቱም በየራሳቸው ያስቀጣሉ። እገዳው ለሦስት ዓመት ተራዘመ።

«አመሰግናለሁ» አለ መምህሩ፣ ልቡ ቦታው ሲመለስለት።

በማግሥቱ በተጠራው ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህርቷ ጠረጴዛዋ ላይ የተከመረውን ሥራ አየች። የስድስተኛ ክፍል ጣሪያ ጠጋኝ ይፈልጋል፣ የፈተናው ዝግጅት ገና ነው፣ የውኃ ቧንቧው ከተዘጋ ሰነባብቷል። ሊቀመንበሩ ስለ ስድብ ምንነት የመክፈቻ ንግግር ሊያደርጉ ሲነሡ እጇን አወጣች።

«የእኔም ሰርጉዷል» አለች።

ጋሽ ሥነ ሥርዓት ደንቡን ገለጡ። ታገደች። ቢሮው የራሷ ስለሆነ የወጡት እነሱ ናቸው፤ በረንዳ ላይ ቆመው ቀጠሉ። ፀጉር ሠሪዋ ትንሽ አሰበች።

«እኔ እንኳ አልገዛሁም» አለች። «ግን ፀጉሯን ስሠራት አንዲት ሴት ስታማርር ሰምቻለሁ። አምኛትም ነበር።»

ታገደች። በረንዳው ላይ ሁለት ሰው ቀረ።

«እንቀጥል» አሉ ሊቀመንበሩ በተሰበረ ድምፅ።

ጋሽ ሥነ ሥርዓት ደንቡን እንደገለጡ ቀሩ። ቅንድባቸው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጣ። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» አሉ። «ከአምስት ሦስት ካልተገኘ ምልአተ ጉባኤ የለም። እኛ ሁለት ነን።»

«ታዲያ ሌላ አባል እናስመርጣ።»

«ለማስመረጥ ቦርዱ ወስኖ የወላጆችን ጉባኤ ይጠራል።»

«ይጠራ።»

«ለመወሰን ምልአተ ጉባኤ ያስፈልጋል።»

«እገዳውንስ እናንሣ።»

«ለማንሣትም ያስፈልጋል።» ጋሽ ሥነ ሥርዓት ደንቡን ዘጉት። በዕድሜ ዘመናቸው እንዲህ የጠራና ቀዳዳ የሌለው ነገር ገጥሟቸው አያውቅም፤ ሐዘን ይሁን ደስታ ራሳቸውም አልለዩትም።

ፍራሽ ነጋዴው ያን ዕለት ሱቃቸው ገብተው ወንድማቸውን ወደ ቤት ላኩት። ሰማያዊ አበባ ያለበትን ፍራሽ ከተደረደሩት መሃል ጎትተው አወጡና መሬት ላይ ዘረጉት። ጫማቸውን አወለቁ። ተኙበት። በጀርባቸው ተኙ፣ በጎናቸው ተኙ፣ መሃሉን በክርናቸው ተጫኑት። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እንደተጋደሙ ጣሪያውን እያዩ አገኘቻቸው።

«አባዬ፣ አመመህ?»

«ነይ እስቲ፣ አንቺም ተኚ።»

ቦርሳዋን አስቀምጣ ከጎናቸው ጋደም አለች።

«ሰርጉዷል?»

«አልሰረጎደም።»

«ለእኔ ብለሽ ነው?»

«እውነቴን ነው። ጥሩ ፍራሽ ነው። የመምህሩም ፍራሽ ደህና ነው፤ እሱ እንደዚያ ያለው እንዲታገድ ብሎ ነው።»

«ሰው እንዲታገድ ብሎ...?» ዞረው አዩዋት። «ለምን?»

«ክፍል ገብቶ እንዲያስተምረን።»

ፍራሽ ነጋዴው ይህን ለረጅም ጊዜ አሰቡበት። ጣሪያውን እያዩ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ከልባቸው አሰቡበት። ልጅቱ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች።

«እኔ የማይገባኝ» አሉ በመጨረሻ፣ «ማስተማር ይህን ያህል የሚወድ ከሆነ፣ ስለ ማስተማር በምንወያይበት ጊዜ ለምን አብሮን አይሆንም?»

ልጅቱ ትንፋሿን ለቀቀች። ቦርሳዋን ሳበችና እዚያው በሆዷ ተኝታ ያልጨረሰችውን ሂሳብ ትሠራ ጀመር። አባቷም ቁጥሮቹን እያዩ ትንሽ ቆይተው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ፍራሹ ደህና ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ለቦርዱ የጨለማ ዘመን ነው። አንድም ውይይት አልተካሄደም፤ አንድም አቅጣጫ አልተቀመጠም። በዚህ የአመራር ክፍተት የስድስተኛ ክፍል ጣሪያ ተጠገነ፣ ቧንቧው ተከፈተ፣ የሂሳብ መምህሩ መጽሐፉን ጨርሶ ክለሳ ጀመረ። ሁለቱ ቀሪ አባላት ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ይገናኙና ሁለት መሆናቸውን አረጋግጠው ይለያያሉ።

የፈተናው ውጤት ሲወጣ ትምህርት ቤቱ ከአካባቢው ሁሉ በሂሳብ አንደኛ ሆነ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተወካይ የምስክር ወረቀት በመስታወት አስደርጎ፣ ካሜራ ያዥ አስከትሎ መጣ። አዳራሹ ሞላ። ስለ ወላጆች ተሳትፎና ስለ መልካም አስተዳደር ረጅም ንግግር ካደረገ በኋላ ወደ ፍራሽ ነጋዴው ዞረ።

«ሽልማቱ የቦርዱ ነው። ክቡር ሊቀመንበር፣ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ እንዲሆን፣ ከፈተናው በፊት በነበሩት ሳምንታት ስንት ጊዜ ተሰበሰባችሁ?»

ፍራሽ ነጋዴው ተነሡ። ሊዋሹ ይችሉ ነበር፤ ጋሽ ሥነ ሥርዓትም በዓይናቸው ጥቅሻ ሰጥተዋቸዋል። እሳቸው ግን ሐሰት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው።

«አንድም ቀን አልተሰበሰብንም» አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ተወካዩ ደነገጠ። «አንድም ቀን? ታዲያ ይህ ውጤት እንዴት መጣ?»

ከፊት ረድፍ ርዕሰ መምህርቷ፣ ፀጉር ሠሪዋና መምህሩ ትንፋሻቸውን ያዙ። ልጅቱም ከኋላ ቀና ብላ አባቷን አየች። ያ በእራት ጊዜ በፍራሽ ነጋዴው ልብ ሽው ያለው ነገር ተመልሶ የመጣ መሰለ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ፣ ደግሞ ተፈታ፣ ፊታቸው ሁሉ በአንድ ታላቅ ማስተዋል በራ።

«ክቡር ሆይ» አሉ፣ «አንድም ቀን ሳንሰበሰብ አንደኛ ከወጣን፣ ብንሰበሰብ ኖሮ የት በደረስን ነበር!»

ተወካዩ ማጨብጨብ ጀመረ። አዳራሹም ተከተለው። ጭብጨባው ሲበርድ፣ እንዲህ ያለ ቦርድ በምልአተ ጉባኤ መጓደል ምክንያት ዳግመኛ እንዳይስተጓጎል እገዳዎቹ ሁሉ እንዲነሡ፣ የአባላቱም ቁጥር ከፍ ብሎ ከእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት አንድ አንድ መምህር እንዲጨመርበት እዚያው ቆሞ በቃል አዘዘ።

ልጅቱ ወደ ጓደኛዋ ጆሮ ጠጋ አለች።

«እንኳን ስምንተኛን ጨረስን» አለቻት።